የቼሪው ዛፍ ይቅርብን፦ ለልጆች ስለሚጻፍ የሕይወት ታሪክ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አሜሪካ ባለን ሐበሻ ወላጆች መካከል አንድ ጽሑፍ ሲዞር ሰንብቷል። ጉዳዩ ደስ ይላል፦ የታዋቂ አሜሪካውያንን የሕይወት ታሪክ ለልጆቻችን እንዴት እናስነብብ? ጸሐፊው ልጆች ያሳደጉ አባት ናቸው። አማርኛቸው ያምራል። ከቅን ልብ እንደጻፉትም ያስታውቃል። ምክራቸው ግን ባጭሩ ይሄ ነው። ለልጅ የሚሰጥ የታላቅ ሰው ታሪክ አጭር፣ ደስ የሚልና እንከን የለሽ ይሁን። ትንሽ ቢጋነን፣ ትንሽ ቢፈጠር፣ ከባዱ ነገር ቢዘለል ችግር የለውም። ልጁ ሲያድግ እውነቱን ራሱ ይደርስበታል።

በዚህ አልስማማም። እንዲዘለል የሚመክሩት ክፍል ብዙውን ጊዜ ልጅን ቁጭ አድርጎ የሚያስነብበው ክፍል ነው። ነጥባቸውን አንድ በአንድ ላንሳና የሚመስለኝን ልበል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«የቼሪው ዛፍ ማንን ጎዳ?»

ጸሐፊው የሚጀምሩት ከጆርጅ ዋሽንግተን ነው። ታሪኩን ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። የስድስት ዓመቱ ጆርጅ ትንሽ መጥረቢያ አገኘ። የአባቱን የቼሪ ዛፍ መታው። ሲጠየቅ «መዋሸት አልችልም» ብሎ አመነ። አባቱም በደስታ አቀፈው። ጸሐፊው ይህ እንዳልተደረገ ያውቃሉ፣ አልደበቁንምም። ግን «ሐቀኝነትን ያስተምራል፣ ማንን ጎዳ? ሊንከንስ ያደገው በዚሁ መጽሐፍ አይደል?» ይላሉ።

ሐቀኝነትን በፈጠራ ታሪክ ስለማስተማር ብዙ ሰው ቀልዷል፤ እኔ አልደግመውም። ታሪኩ ከየት እንደመጣ ግን ማወቅ ጥሩ ነው። የቼሪውን ታሪክ የጻፈው ሜሰን ሎክ ዊምስ ይባላል። ቄስ ነበር፤ ከተማ ለከተማ እየዞረም መጽሐፍ ይሸጥ ነበር። ዋሽንግተን የሞተው በዲሴምበር 1799 ነው። ዊምስ የሕይወት ታሪኩን በ1800 አወጣ። የቼሪው ዛፍ በመጀመሪያው እትም ላይ የለም። ብቅ ያለው በ1806 በታተመው አምስተኛ እትም ነው። ማን ነገረህ ቢባል፣ ስማቸው ያልተጠቀሰ አንዲት አሮጊት። ከዚያ ወደ ትምህርት ቤት የማንበቢያ መጻሕፍት ገባ፤ አንዴ ከገባ ደግሞ ማን ያስወጣው?

ሊንከንን ማንሳታቸው ግን ደስ ብሎኛል። እውነት ነው፣ ሊንከን በልጅነቱ የዊምስን መጽሐፍ አንብቧል። ራሱ ነው የተናገረው። ለፕሬዚዳንትነት ተመርጦ ወደ ዋሽንግተን ሲጓዝ፣ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1861 በኒው ጀርሲ ሴኔት ፊት ንግግር አደረገ። ማንበብ በጀመርኩበት ሰሞን ያ ትንሽ መጽሐፍ እጄ ገብቶ ነበር አለ። ከመጽሐፉ የቀረለትን ሲናገር ግን ስለ ዛፉ ትንፍሽ አላለም። ያነሳው አሜሪካ ከእንግሊዝ ነጻ ለመውጣት ስትዋጋ የተደረገውን የትሬንተንን ውጊያ ነው። ወታደሮቹ ወንዙን መሻገራቸውን፣ ለእንግሊዝ ከሚዋጉት ቅጥር የጀርመን ወታደሮች፣ ከሄሲያኖቹ ጋር መግጠማቸውን፣ የቻሉትን መከራ። ልጅ ብሆንም እነዚህ ሰዎች ይህን ሁሉ የታገሉለት ነገር ተራ ነገር ሊሆን አይችልም ብዬ አስብ ነበር አለ።

እንግዲህ ፍረዱ። የድሃ ገበሬ ልጅ ነው። እንደልቡ የሚያነበው መጽሐፍ አልነበረውም። ከዚያ መጽሐፍ ዕድሜ ልኩን ይዞት የዘለቀው በእርግጥ የተደረገውን ክፍል ነው። ጸሐፊው ለመከራከሪያ የጠሩት ምስክር ለእኔ መሰከረልኝ።

«ባርነትን ለልጅ አታውሩ»

ይሄኛው ነጥብ ከበድ ይላል። ከአሥር ዓመት በታች ላለ ልጅ ስለ ባርነት ማንሳት ማስጨነቅ ነው ይላሉ ጸሐፊው። ዋሽንግተን አገር መሠረተ፣ ይበቃል።

ዋሽንግተን ራሱ የሰው ባለቤት ሲሆን ስንት ዓመቱ ነበር? 11። አባቱ በ1743 ሲሞት አሥር ሰዎች ወረሰ። ስለ ዋሽንግተን ልጅነት የሚጽፍ ሰው መጥረቢያና ዛፍ መፍጠር አያስፈልገውም፤ ልጅን የሚያስደነግጥ እውነተኛ ነገር እዚያው አለ። የአምስተኛ ክፍል ልጅ ይህን ቢሰማ «እኔን በሚያክልበት ጊዜ?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ትክክል ነው። ብዙ የታሪክ ምሁራንም የደከሙበት እሱው ነው።

ዋሽንግተን ሲሞት በማውንት ቨርነን እርሻው ላይ 317 ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር። 123ቱ የራሱ ናቸው። 153ቱ ደግሞ የሚስቱ የማርታ የመጀመሪያ ባል ርስት አካል ስለነበሩ እሱ ነጻ ሊያወጣቸው አይችልም ነበር። በኑዛዜው የራሱ የሆኑት ማርታ ከሞተች በኋላ ነጻ እንዲወጡ አዘዘ። ማርታ ቀደም ብላ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1801 ለቀቀቻቸው። ባል ከአንዱ ወገን፣ ሚስትና ልጆች ከሌላው ወገን የሆኑ ነበሩ። አንዱ ነጻ ወጣ፣ ሌላው ቀረ። ይህን ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልግም። አባት ሊሄድ ይችላል፣ ልጁ ግን አይችልም። ማንም ልጅ ይገባዋል።

የኦና ጀጅን ታሪክ ደግሞ እስቲ ለአንድ ልጅ ንገሩትና ዓይኑን እዩ። ኦና የማርታ ዋሽንግተን የግል አገልጋይ ነበረች። የአገሪቱ ዋና ከተማ በዚያ ጊዜ ፊላደልፊያ ነበረች። በፔንሲልቬንያ ሕግ ከሌላ ስቴት የመጣ በባርነት የተያዘ ሰው ስድስት ወር ከቆየ ነጻነቱን መጠየቅ ይችላል። ዋሽንግተንና ሚስቱ ምን አደረጉ? ስድስት ወር ሳይሞላ ሰዎቹን ከስቴቱ ያስወጡና መልሰው ያመጧቸዋል። ቀኑ እንደገና ከአንድ ይቆጠራል። ኦና ማርታ ለልጅ ልጇ ልትሰጣት እንዳሰበች ሰማች። ሜይ 21 ቀን 1796 ዋሽንግተንና ቤተሰቡ እራት ላይ እያሉ በበሩ ወጥታ ሄደች። በመርከብ ኒው ሃምፕሸር፣ ፖርትስማውዝ ገባች። ያገኛት አሥር ዶላር እንደሚሸለም በጋዜጣ ታወጀ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የጉምሩክ ሹም ሳይቀር አስልኮባት ነበር። አልተያዘችም። በ1848 ስትሞት በሕግ ፊት አሁንም የጠፋች ንብረት ነበረች። በሽምግልናዋ ለጋዜጣ ቃሏን ሰጥታለች፤ ነጻነቷ ድህነት ቢያመጣባትም አልተጸጸተችም።

ይሄ ልጅን ያስጨንቃል? ልብ ያንጠለጥላል እንጂ። እኛ ራሳችን ያደግነው ጅብ ሰው በሚበላበት ተረት ነው፤ ደህና ተኝተን አድረናል። በርግጥ ዕድሜ ይለያያል። የአምስት ዓመት ልጅ ፊት ግርፋት አይዘረዘርም፣ በዚህ ከጸሐፊው ጋር ጠብ የለኝም። ግን አለመዘርዘር ሌላ፣ የለም ማለት ሌላ።

ማጣፈጥም የራሱ ጣጣ አለው። በ2016 መጀመሪያ ላይ ስኮላስቲክ የተባለው ትልቅ አሳታሚ ስለ ዋሽንግተን ምግብ አብሳይ ስለ ሄርኩለስ ያወጣውን ባለሥዕል የልጆች መጽሐፍ ከገበያ ሰበሰበ። በሥዕሎቹ ላይ ሄርኩለስና ልጁ ለጌታቸው የልደት ኬክ እየጋገሩ ፈገግ ይላሉ። እውነተኛው ሄርኩለስ ግን ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1797 ከማውንት ቨርነን ጠፋ። ቀኑ የዋሽንግተን ልደት ነበር። እስቲ የቱ ታሪክ ነው መጽሐፍ የሚያስገልጠው?

«ሮዛ ፓርክስ ደክሟት ተቀመጠች»

በጣም ያላስማማኝ ይሄኛው ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ጸሐፊው የሮዛ ፓርክስን ታሪክ በአራት ዓረፍተ ነገር ይጨርሱታል። ልብስ ሰፊ ነበረች። ከሥራ ስትመለስ ደክሟት ነበር። ከአውቶቡሱ ወንበር ለነጭ አልነሳም አለች። ጥቁርን ከነጭ የሚለየው የአውቶቡስ ሕግ ተቀየረ። «ለልጅ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልገዋል?»

ይህን አባባል ያስተባበለችው ራሷ ሮዛ ፓርክስ ናት። ያስተባበለችውም በ1992 ለወጣት አንባቢዎች ብላ ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ነው። ሰዎች አሮጊት ያደርጉኛል፣ ግን 42 ዓመቴ ነበር ትላለች። ከሌላው ቀን የተለየ የሰውነት ድካም አልነበረኝም፤ የደከመኝ እጅ መስጠት ነው ትላለች። ባለታሪኳ ለልጆች ስትጽፍ ያረመችውን ነገር እኛ ለልጆች ብለን እንመልሰው?

ዲሴምበር 1 ቀን 1955 በሞንጎመሪ፣ አላባማ የተደረገው ድንገት የተፈጠረ ነገር አልነበረም። ፓርክስ ከ1943 ጀምሮ ለጥቁሮች መብት የሚታገለው ማኅበር፣ የኤን ኤ ኤ ሲ ፒ የሞንጎመሪ ቅርንጫፍ ጸሐፊ ነበረች። በዚያው በ1955 በጋ ቴነሲ ሄዳ ሃይላንደር በሚባል የመብት ታጋዮች ትምህርት ቤት ሠልጥናለች። ሾፌሩንም ታውቀዋለች። በ1943 ከፊት በር ገባሽ ብሎ ያስወረዳትና ጥሏት የሄደው ያው ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ እሱ የሚነዳውን አውቶቡስ ትሸሽ ነበር። የዚያን ቀን ሳታስተውል ገባች። ይህን ለልጅ ስትነግሩት «እሱ ነው እንዴ?» ይላል።

ጸሐፊው ጨርሶ ያልጠሯት ልጅ ደግሞ አለች። ክሎዴት ኮልቪን። ማርች 2 ቀን 1955፣ ከፓርክስ ዘጠኝ ወር በፊት፣ በዚያችው ከተማ ከአውቶቡስ አልነሳም ብላ ታሰረች። 15 ዓመቷ ነበር። ትምህርት ቤት ውላ እየተመለሰች ነው። የከተማው የጥቁር መሪዎች ግን ትግሉን በእሷ ስም ላለመጀመር ወሰኑ። ልጅ ናት፣ ግልፍተኛ ናት፣ ቤተሰቧ ድሃ ነው ተባለ። በኋላ ደግሞ አረገዘች። ፓርክስ ግን የታወቀች፣ የተከበረች፣ ሥራ ያላት ሴት ነበረች። ውሳኔው ትክክል ነበር ወይ? ቤታችሁ አሥራዎቹ ውስጥ ያለች ልጅ ካለች ይህን ጠይቋትና አብራችሁ ተከራከሩ። በኛ ቤት እንዲህ ያለ ጥያቄ እራት ያስረሳል።

ሕጉንም የቀየረው ያ አንድ ቀን ብቻ አይደለም። ፓርክስ በታሰረችበት ሌሊት ጆ አን ሮቢንሰን የምትባል የኮሌጅ መምህርት እንቅልፏን ትታ በማባዣ ማሽን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወረቀት አባዛች። ሕዝቡ 381 ቀን አውቶቡስ አልተሳፈረም። በእግሩ ሄደ፣ መኪና እየተጋራ ሄደ። ፍርድ ቤት ያሸነፈው ክስ ደግሞ ብራውደርና ጌይል የተባለው ነው። ከሳሾቹ ውስጥ ፓርክስ የለችም። ኮልቪን አለች። ለምስክርነት የቀረበችው ልጅ ወልዳ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 1956 ውሳኔውን አጸና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኮልቪን ለምን አልተነሳሽም ስትባል የመለሰችው አለ። በዚያ ሰሞን ክፍል ውስጥ ስለ ጥቁሮች ታሪክ ሲማሩ ነበር። ከባርነት አምልጠው ለሌሎች ነጻነት ስለታገሉት ስለ ሃሪየት ተብማንና ስለ ሶጆርነር ትሩዝ። አንዷ በአንድ ትከሻዬ፣ ሌላዋ በሌላው ትከሻዬ ተጭነው ያስቀመጡኝ መሰለኝ አለች። የታዋቂ አሜሪካውያን የሕይወት ታሪክ ለወጣት ሲነገር ምን ይሠራል ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። እነዚያ መምህራን ከባዱን ነገር ቢዘሉት ኖሮ ስለ ሁለቱ ሴቶች የሚነግሯት ምን ይተርፋቸው ነበር?

«ቁጥር ቢጋነን ምን አለበት?»

ስለ ተብማን ጸሐፊው 19 ጊዜ ተመላልሳ 300 ሰው ነጻ አወጣች፣ በራሷም ላይ 40,000 ዶላር ተመድቦ ነበር ብለው ጽፈዋል። ቁጥሩ ላይ ክርክር እንዳለ ሰምተዋል፤ ግን «ልጅ ሒሳብ አይሠራም» ይላሉ።

የኔ ልጅ ትሠራለች፣ የሌላውን አላውቅም። የ19ና የ300 ቁጥር የመጣው ሣራ ብራድፎርድ በ1869 ካሳተመችው የተብማን የሕይወት ታሪክ ነው። የታሪክ ተመራማሪዋ ኬት ክሊፎርድ ላርሰን መዝገቡን ስታጣራ ጉዞው ወደ 13፣ የመጣው ሰው ወደ 70 ሆነ። ሌሎች 70 ለሚሆኑ ሰዎች ደግሞ መንገዱን አስረድታቸዋለች። የ40,000 ዶላሩ ሽልማት ማስረጃ የለውም። በ1849 እመቤቷ ያወጣችው የጋዜጣ ማስታወቂያ ግን አለ። ከስቴቱ ውጭ ለተያዘ ለእያንዳንዱ ሰው 100 ዶላር ይላል።

ታሪኩ አነሰ? እኔን አላነሰብኝም። ከሰባዎቹ ውስጥ ወንድሞቿ አሉ፣ ሽማግሌ እናትና አባቷ አሉ። ስማቸው የሚታወቅ ሰዎች ናቸው። በልጅነቷ አንድ ተቆጣጣሪ በወረወረው የብረት ሚዛን ጭንቅላቷን ተመትታ ዕድሜዋን ሙሉ ድንገተኛ እንቅልፍ እየጣላት በዚያ ጨለማ 13 ጊዜ መመላለስ ቀላል ነው?

ትልቅ ቁጥር ካማራቸው ደግሞ እውነተኛው አለ። ጁን 2 ቀን 1863፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ፣ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ በኮምባሂ ወንዝ ላይ ለሰሜኑ ጦር መንገድ መርታ በአንድ ሌሊት ከ700 በላይ ሰው ነጻ አስወጣች። ይህን ጸሐፊው አላነሱትም። ያልሆነውን 300 አንስተው የሆነውን 700 ዘለሉት።

«ልጅ አንድ ጀግና ይበቃዋል»

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ጸሐፊው ኤዲሰንን እንደ ምሳሌ ያቀርቡና የረዳት ስም አታብዙበት ይላሉ። ኤዲሰን 1,093 የአሜሪካ ፓተንት አለው፤ ያንን ሁሉ ብቻውን የሠራ የሚመስለው ልጅ ግን ስለ ፈጠራ ሥራ የተሳሳተ ነገር ይዞ ያድጋል። ሜንሎ ፓርክ ላይ ያቋቋመው ብዙ ሰው አብሮ የሚሠራበት ላቦራቶሪ ነው። ከኤዲሰን ጋር ከሠሩት አንዱ ሉዊስ ላቲመር ነበር። ከባርነት ያመለጡ ወላጆች ልጅ ነው። በ1876 የግራሃም ቤልን የስልክ ፓተንት ሥዕል የሠራው እሱ ነው። በ1882 ደግሞ በአምፖል ውስጥ የሚበራውን የካርቦን ክር የማምረቻ ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ያን ጊዜ ለኤዲሰን ተፎካካሪ ነበር የሚሠራው፤ ወደ ኤዲሰን የመጣው በ1884 ነው።

በኛ ወላጆች ዘንድ ደግሞ ተቃራኒው ስህተት አለ፤ «አምፖልን የፈጠረው ላቲመር ነው» የሚል። እሱም ልክ አይደለም። ለጥቁር ልጅ ጥቁር ጀግና ለመስጠት ብሎ ማጋነንም ያው የዊምስ ሥራ ነው።

«ንግግር ቢፈጠር ያው ነው»

የታላላቅ ሰዎችን የልጅነት ወሬ እንዳለ መፍጠር በአሜሪካ የቆየ ልማድ ነው። ከ1932 ጀምሮ የወጣ የታዋቂ አሜሪካውያን ልጅነት የሚባል ተከታታይ መጽሐፍ ነበር፤ ብዙ ትውልድ አንብቦታል። ትንሹ ልጅ ከእናቱ ጋር የሚያወራውን ቃል በቃል ይጽፉታል። ማን ሰምቷቸው?

ጸሐፊው «ካልተፈጠረ ይደርቃል» ይላሉ። እንግዲህ በ1988 ለልጆች መጽሐፍ የሚሰጠው ትልቁ የኒውበሪ ሽልማት ለራስል ፍሪድማን የሊንከን የሕይወት ታሪክ ተሰጠ። መጽሐፉ በፎቶግራፍና በማስረጃ የተሠራ ነው፣ የተፈጠረ ወሬ የለበትም። አልደረቀም።

የተፈጠረ ንግግር ደግሞ ከመጽሐፉ ወጥቶ ብቻውን ይሄዳል። ተብማን አለች እየተባለ የሚዞር ቃል አለ፤ ባርያ መሆናቸውን ቢያውቁ ኖሮ ሌላ ሺህ ሰው ነጻ አወጣ ነበር የሚል። ተብማን ይህን አላለችም። በባርነት ላይ ያለ ሰው መሆኑን የማያውቅ ይመስል! ልጆቻችን ግን ለትምህርት ቤት ፖስተር ገልብጠው ይጽፉታል።

«የነሱ ታሪክ ለኛ ልጆች ምን ያደርጋል?»

የጽሑፉ ማብቂያ ይሄ ነው። የአሜሪካኖቹ ታሪክ ለትምህርት ቤት ፕሮጀክት ያህል ይነበብ፤ የልጆቻችን ልብ ግን በቴዎድሮስና በጣይቱ ይሞላ ይላሉ። ቴዎድሮስና ጣይቱ ይነበቡ፣ አሜን። ግን እዚህ የተወለደ ልጅ አሜሪካዊ ነው። ትምህርት ቤቱ ታዋቂ ሰው መርጠህ፣ እንደሱ ለብሰህ፣ ስለ ራስህ እንደምትናገር ሆነህ ቁም ይለዋል። ያ ሰው ለአንድ ወር ቤታችን ይኖራል። እንግዳ ነው ብለን ብንተወው ማን እንደሆነ ሳናውቅ ይሄዳል።

«የነሱ» እና «የኛ» የሚለው አጥር ደግሞ ሁልጊዜ አይቆምም። ጆን ሮቢንሰን በ1903 ተወለደ፣ ሚሲሲፒ ውስጥ ጋልፍፖርት አደገ። ቱስኪጊ ተማረ፣ ቺካጎ ሄደ። አብራሪ መሆን ይፈልጋል። ከርቲስ ራይት የሚባለው የበረራ ትምህርት ቤት ጥቁር አይቀበልም ነበር። ስለዚህ በጽዳት ሠራተኝነት ተቀጥሮ ገባ፣ እየጠረገ ትምህርቱን አዳመጠ። ኋላ ተማሪ ሆኖ ተቀበሉት። ከጓደኛው ከኮርኔሊየስ ኮፊ ጋር የጥቁር አብራሪዎች ማኅበር አቋቋሙ፤ በኢሊኖይ፣ ሮቢንስ በምትባል ከተማ የራሳቸውን አውሮፕላን ማረፊያ ሠሩ።

በ1935 ጣልያን ኢትዮጵያን ልትወርር ስትዘጋጅ ሮቢንሰን አዲስ አበባ መጣ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣት ለሚቆጠሩት አውሮፕላኖቻቸው አዛዥ አደረጉት። ጦርነቱ ሲጀመር አድዋ በቦምብ ስትደበደብ አይቷል። መሣሪያ በሌለው አውሮፕላን በግንባሩና በአዲስ አበባ መካከል መልእክት አመላልሷል። በ1936 ወደ ቺካጎ ሲመለስ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተቀበለው። በ1944 ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን ለማሠልጠን ተመልሶ መጣ። በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። የተቀበረውም አዲስ አበባ ነው።

ይሄ ሰው የማን ነው? ጸሐፊው በየትኛው መደርደሪያ ያስቀምጡታል? ልጃችሁ ለፕሮጀክቱ ሰው ሲያጣ የአብራሪ ኮፍያና መነጽር አድርጎ ሮቢንሰንን ቢሆን መምህሯ ራሷ አዲስ ነገር ትማራለች።

የምስማማበት ነገር

አንድ ቦታ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ወላጅ መጽሐፉን ቀድሞ ያንብበው ይላሉ። ያንብበው። እኔ ላይብረሪ ስገባ መጀመሪያ የምከፍተው ከኋላ ነው። ደራሲው ታሪኩን ከየት እንዳገኘው የሚናገር ገጽ አለው? የተባለውና የተፈጠረው ተለይቷል? ባለሥዕል ቀጭን መጽሐፍ እንኳ ደህና ከሆነ ይህ ገጽ አይጠፋውም።

ቀጥሎ ታሪኩ የት ላይ እንደሚያቆም አያለሁ። ስለ ማርቲን ሉተር ኪንግ የሚጻፉ ብዙ የልጆች መጻሕፍት ኦገስት 28 ቀን 1963 «ሕልም አለኝ» ባለበት ቀን ላይ ሊያበቁ ይፈልጋሉ። የዚያ ሰልፍ ስም ራሱ ለሥራና ለነጻነት የሚል ነበር። በ1968 ሜምፊስ ላይ ሲገደል እዚያ የተገኘው የሥራ ማቆም አድማ ላይ ለነበሩ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ብሎ ነው። ይህን የሚጨምር መጽሐፍ ይሻላል።

የሄለን ኬለርም እንደዚያው ነው። አብዛኛው መጽሐፍ በ1887 በውሃ ፓምፑ አጠገብ፣ አስተማሪዋ አን ሰሊቫን በእጇ ላይ «ውሃ» ብላ በጻፈችበት ቀን ያልቃል። ሄለን ገና ሰባት ዓመት አልሞላትም። ከዚያ በኋላ ኮሌጅ ጨርሳለች። የሶሻሊስት ፓርቲ አባል ሆናለች። ለሴቶች የመምረጥ መብት ታግላለች፣ በ1920 የዜጎችን መብት የሚከላከል ማኅበር ከመሠረቱት አንዷ ነበረች። የሞተችው በ1968 ነው፤ መጽሐፉ ሲዘጋ 81 ዓመት ይቀራታል። የፓምፑን ብቻ የሚተርከውን ካገኛችሁ ውሰዱት፣ ግን ሌላ አንድ ጨምሩበት።